የይማም መኪና

ደላላው ቢኒ ይባላል። ጸጉሩን ግራና ቀኝ ተላጭቶ መሃሉን ያቆመ፣ ሁለት ስልክ በአንድ እጁ የሚይዝ፣ አፉ የማያርፍ ጎረምሳ ነው። ልጄ ሊያ ለግንባታ አሸዋና ጠጠር የምታመላልስበት ያገለገለ የናፍጣ መኪና ልትገዛ አስባ፣ «አባባ፣ እርስዎ ሳያዩት ብር አልከፍልም» ብላ እኔን ይዛ ቂርቆስ ወረደች። ደግ አደረገች። በዚህ ከተማ ውስጥ ሞተር በጆሮው የሚመረምር ሰው ቢፈለግ የቀረሁት እኔ ነኝ። የአሁኖቹ ኮምፒውተር ሰክተው ኮምፒውተሩ የሚላቸውን ያነባሉ፤ መብራት የጠፋ ቀን መካኒክም የለም ማለት ነው። መኪናው የቆርቆሮ አጥር ባለው ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ነጭ ቀለሙ ገና ይሸታል። ሞተሩን ሲያስነሱት የናፍጣው ጭስ አፍንጫዬን መታኝ፣ ልቤም ወደ ድሮው ጋራዤ ሊሸፍት ሲል ቢኒ የመኪናውን በር በመዳፉ ጠፍጠፍ አደረገና፣ «ፋዘር፣ ጸዴ ነው! በቃ ምንም የለበትም። ማለቴ፣ የይማም መኪና አይደለም!» ብሎ ሳቀ።

«ይማም ደግሞ ማነው?» አለች ሊያ።

«አልሰማሽም እንዴ? ድሮ ነው አሉ። ወሎ ሰፈር ይማም የሚባል ሹፌር ነበር። ሻንሲው የተሰበረ የጭነት መኪና ቀባብቶ ለአንድ ምስኪን የካዛንቺስ መካኒክ ሸጠለት። ምስኪኑ የመጀመሪያ ጉዞው ላይ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ነገር አሳምሮ የሸጠ ሁሉ የይማም መኪና ሸጠ ይባላል። ስልክ ይሁን፣ ኮንዶሚኒየም ይሁን፣ ለውጥ የለውም።»

ሊያ ሳቀች። እኔ ከዘራዬን መሬት ላይ መታሁና «አንተ! የማታውቀውን አትቀባጥር!» አልኩት።

«ምነው ፋዘር? ዘመድዎ ነው እንዴ?»

ዘመዴ አይደለም። ምስኪኑ መካኒክ የተባልኩት እኔ ነኝ። ዘውዴ ነኝ። ምስኪን! አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ማንም እጄን ይዞ ሳያስተምረኝ፣ አንድ ጣሊያን መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ብረት በቤንዚን እያጠብኩ ሰርቆ በማየት ብቻ ሙያ የጨበጥኩ ሰው፣ ፊደል ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ የቆጠርኩ ሰው፣ ከስታዲየም እስከ ባምቢስ ያለ ሹፌር ሁሉ መኪናው ሲያስነጥስ «ዘውዴ ጋ ውሰዳት» ይባል የነበረ ሰው ምስኪን ተባልኩ። መኪናውንም አልገለበጥኩትም። ይህን ሁሉ ግን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ይማም እንዲህ አልሠራም። ይማም እንዲህ ሠራ ብሎ መጀመሪያ የተናገረው እኔ ነኝ። ስሙ እኔ አፍ ውስጥ ነው የጠፋው፤ እነሆ ዛሬ የእናቱን ስም የማያውቅ ደላላ ሁሉ እየተቀባበለ ይሳለቅበታል። ይህን የምጽፈው የእሱን ስም ለመመለስ ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ቃሌ ሻካራ ቢሆን ቻሉት።

ጋራዤ ካዛንቺስ ነበር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ የጽድ ዛፍ ያለበት ግቢ። ሰሞኑን ሄጄ ነበር። መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራት ተደርድሮ፣ ለብስክሌት ሁሉ ለብቻው ተሠርቶለታል። ያምራል፣ አያምርም አልልም። ግን እኔ በየትኛው በኩል እንደነበርኩ እንኳ ጠፍቶኝ በእርምጃ ልለካ ስሞክር አንድ ጥበቃ ሮጦ መጣና «አባት፣ ሳሩን አይርገጡ» አለኝ። ሳር! እዚያች መሬት ላይ ስንት ዓመት በጀርባዬ ተኝቼ፣ ስንት በርሜል የተቃጠለ ዘይት ያጠጣኋትን መሬት፣ ሳር አትርገጥ! ያን ጊዜ እዚያ ጥግ ላይ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከፊት ለፊቷ ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ አንዱን የፍቅር ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይደጋግመዋል፣ እኛም መፍቻ በእጃችን እንደያዝን አብረን እናቀነቅናለን። ቅዳሜ ከሰዓት ቱታዬን አውልቄ፣ እጄን በኦሞና በአሸዋ ፈግፍጌ፣ እግሩ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪዬን ለብሼ፣ የተወለወለ ጫማ አድርጌ ስወጣ የሰፈሩ ሴት ወይዘሮው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። አሁን ያን ሱሪ ለብሶ የወጣ ሰው ሳቅ ነው የሚገጥመው፤ እነሱ ግን ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ብዙ ሺህ ብር ከፍለው ይለብሳሉ።

ሸምሱ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን አጠገብ የምስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ነበረው። የስልጤ ልጅ ነው፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ ጓደኝነታችን የሱቁን በር ማጠፊያ ከሠራሁለት ቀን ይጀምራል። «ዘውዴ፣ አንተ እጅ አለህ፣ እኔ ደንበኛ አለኝ። አንድ መኪና ቢኖረን እቃውን ደሴና ኮምቦልቻ ራሳችን አናደርሰውም?» አለኝ አንድ ቀን። አዲስ መኪና ለእኛ የሚታሰብ አይደለም። ያገለገለ ፈለግን። ወሎ ሰፈር ጋሽ ይማም የሚባል ሹፌር ኤንትሬውን ሊሸጥ ነው ተባለ። ኤንትሬ ማለት ያን ዘመን ያልኖረ አይገባውም፤ ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና ነው፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ዳገት ሲወጣ ድምፁ ከአንድ ሰፈር ሌላ ሰፈር የሚሰማ። ጋሽ ይማም ሃምሳ ያለፈ፣ ረጅም፣ ካኪ ካፖርቱን በበጋም በክረምትም የማያወልቅ፣ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ዓይኑ እየደከመ ስለሆነ ነው የሸጠው። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ተስማማን። በዚያ ብር ዛሬ አንድ ጎማ አትገዛበትም።

ውሉ ተፈርሞ ሊብሬው ወደ እኛ ሲዞር ጋሽ ይማም ቁልፉን ሰጠኝና እጁን እጄ ላይ አቆየው። «የመጀመሪያ ጭነትህን የጫንክ ቀን ጥራኝ። አንድ ቁልቁለት አብረን እንውረድ፤ አመሏን ላስረክብህ። ምሳዬን ይዤ እመጣለሁ፣ አላስቸግርህም።»

ይህ የሹፌሮች ልማድ ነበር። የጭነት መኪና በወረቀት ብቻ አይሸጥም። ሻጩ ከገዢው ጎን ተቀምጦ፣ መኪናው ጭነት ተሸክሞ፣ አንድ ዳገትና አንድ ቁልቁለት አብሮት ካልሄደ ሹፌሮች ተሸጠ አይሉም ነበር። የትኛው ማርሽ እንደሚያኮርፍ፣ ፍሬኑ ስንት ጊዜ ተረግጦ እንደሚይዝ፣ ስትጫን ወዴት እንደምታደላ፣ ይህን ሁሉ በአፍ ሳይሆን በእጅ ያስረክባሉ። መጨረሻ ላይ ሻጩ ከመኪናዋ ይወርድና ኮፈኗን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ሳያይ ይሄዳል። አሁን በስልክ ፎቶ ይላካል፣ በስልክ ብር ይላካል፣ ሹፌር ይቀጠራል፣ ያ ሹፌር ሞተ ሲባል ደግሞ መንገዱ ነው ይባላል።

እኔ ግን መካኒክ ነኝ። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፣ ካዛንቺስ በሙሉ ያጨበጭብልኛል። «ጋሼ» አልኩት፣ «እርስዎ መሪዋን ነው የሚያውቁት። እኔ ደግሞ ሆዷን ከፍቼ አያታለሁ።» ሸምሱ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ይማም ፈገግ አለና «ክፈታት፤ ከከፈትክ በኋላም ጥራኝ» አለ።

ከፈትኳት። ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ሞተሩን አውርጄ እያንዳንዱን ብረት በናፍጣ አጥቤ ጆንያ ላይ በመውረጃው ቅደም ተከተል ደረደርኩት፤ አንድ ብሎን ሰው ቢነካብኝ እጁን ነበር የምቆርጠው። የሞተሩን ራስ በመስታወትና በአሸዋ ወረቀት በእጄ አስተካከልኩ። መስታወት ዘርግቶ ብረት ማስተካከል ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ያሰብኩት ነው፤ በኋላ ሌሎች ጋራዦች ሲቀዱኝ ከእኔ መሆኑን ማንም አልተናገረም። ማርሹን ፈትቼ የተበላ ጥርሱን አስቀየርኩ። ራዲያተሩን በየድኩ፣ ካቢናውን ቀጥቅጬ አቃናሁ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት፣ ግንባሩ ላይ በቀይ ሁለት ወፍ አስሣልኩ። ከዚያ ከኋላ ቆሜ ሳየው መኪናው ወደ ግራ ዘመም ይላል። ከሥሩ ገባሁ። ባሌስትራውን ቆጠርኩ፤ ባሌስትራ ማለት ከጎማው በላይ ሆኖ ክብደቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ዝርግ ብረት ነው። ግራው ስምንት ብረት አለው፣ ቀኙ ዘጠኝ። ሳቄ መጣ። «ይሄን የገጠመው ማነው? መቁጠር የማይችል ሰው!» አልኩና ዘጠነኛዋን ፈትቼ ጥግ ጣልኳት። መኪናው ቀጥ አለ፣ እንደ ጠረጴዛ። ሻይ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ አስመጣሁና ጭነቱ የሚያርፍበት ላይ አስቀመጥኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ጠብ አላለም። ሰው ተሰብስቦ አጨበጨበ። ሻይ ሻጯ ራሷ እልል አለች።

ጋሽ ይማም በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከወሎ ሰፈር በእግሩ መጥቷል። አንደኛውን ቀን ከመኪናው ሥር ተኝቼ እያየሁት አልወጣሁለትም፤ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አጥፎ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቆሞ ሄደ። ሁለተኛውን ቀን ሥራ በዝቶብኛል ብዬ መለስኩት። ሦስተኛው ያ የብርጭቆው ቀን ነበር። ሰዉ እያጨበጨበ እሱ ከኋላ ቆሞ መኪናውን ረጅም ጊዜ አየው።

«ወደ ግራ ታዘነብል አልነበር?» አለኝ።

«አቃናኋታ!»

«አቃናሃት?» ፊቱ ተለወጠ። «እንደሱማ አይሆንም። ባዶዋን አትያት። የቀኙ ብረት እኮ …»

«ጋሼ ይማም!» አልኩ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ብረቱን ለእኔ ይተዉት። እርስዎ ጡሩምባውን የት እንደሚነፉ ያሳዩኝ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ቀኑን ሙሉ አብሮኝ የዋለ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልተቆጣም። ካፖርቱን ለበሰና «ሳትጭን ጥራኝ» ብሎ ብቻ ወጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የቀረው። አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨርሼው ቢሆን ኖሮ! ለብዙ ዓመት የተናደድኩት በእሱ ነበር። ለምን አልጮኸም? ለምን አንገቴን አንቆ አልነገረኝም? ዛሬ ግን አውቀዋለሁ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሕዝብ ፊት ተሥቆበት ደግሞ እንዲጮህ የምጠብቀው እኔ ማን ነኝ?

በሳምንቱ ጫንን። ሲሚንቶና ምስማር ከታች፣ ቆርቆሮና ባልዲ ከላይ። ይማምን አልጠራሁትም። ሸምሱ «ሰውየው ይምጣ፣ ምን ይጎዳናል?» ቢለኝ «ቦታ የለም» አልኩት። ቦታ ነበረ። ጣርማ በርን ስናልፍ ረፋድ ነው፣ ጉም የለም፣ ሸምሱ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ያፏጫል። ቁልቁለቱን እንደያዝን መኪናው ወደ ቀኝ ሲደፋ ተሰማኝ። መሪውን መለስኩት፤ ደግሞ ተደፋ። ወደ ግራ የሚታጠፈው ኩርባ ላይ ስንደርስ ጭነቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ሄደ፣ የግራው ጎማ ከመሬት ሲነሳ በመቀመጫዬ አወቅሁት። እግዜር ሲምረን ተራራው በቀኝ ነው፤ ገደሉ በግራ። ሌላ ሹፌር ቢሆን ደንግጦ ወደ ግራ ያዞር ነበር፣ ዛሬ አጥንታችንም አይገኝም። እኔ መሪውን ጭራሽ ወደ ቀኝ ሰጠሁና መኪናውን ተራራው ላይ አስደገፍኩት። ቋጥኙን እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ቆመ። አልተገለበጠም። ይህን ቢኒም ይስማ፣ አልተገለበጠም። ግን የሸምሱ ቀኝ እጅ በሩና ቋጥኙ መካከል ነበር።

ሸምሱን በሚያልፍ አውቶቡስ ወደ ሐኪም ከላክሁ በኋላ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ነገር ቶሎ የሚገባኝ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ባይገባኝ ይሻል ነበር። የቀኙ ሻንሲ፣ ያ ሁሉን የሚሸከመው የሥር ብረት፣ ድሮ ተሰብሮ ተበይዷል። ባዶ ሲሆን ቀጥ ያለ ነው፣ ዓይንም አያየውም። ክብደት ሲያርፍበት ይሰግዳል። ይማም፣ ያ መቁጠር የማይችል ያልኩት ሰው፣ ያችን ዘጠነኛ ብረት የጨመራት ለዚህ ነው፤ ባዶዋን ትዝመም፣ ስትጫን ቀጥ ትበል ብሎ። መላውን ሠርቶ፣ ስንት ዓመት ሠርቶበት፣ መላውን ራሱ ሊያሳየኝ ሦስት ጊዜ በእግሩ መጥቶ ነበር።

ሐኪም ቤት በር ላይ የሸምሱ ሚስት ነጠላዋን ጨብጣ ጠበቀችኝ። ጥያቄዋ አንድ ነበር። «ዘውዴ፣ ጥፋቱ የማነው?»

«የይማም» አልኩ።

አንድ ቃል። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያች ቃል ነው። ወንድሞቿ ሰምተው ተነሡ፣ ሰፈሩ ተነሣ፣ ወሎ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከቂርቆስም ከወሎ ሰፈርም የተከበሩ ሰዎች መጡ፤ ነጋዴ ናቸው፣ አንዳቸውም መፍቻ ጨብጠው አያውቁም። ሸምሱ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ተቀምጧል። ከአጥሩ ላይ ልጅ አዋቂው ተንጠልጥሎ ያያል። ሻንሲው የተበየደ መሆኑን ተናገርኩ፣ እውነት ነው። ደበቀኝ አልኩ፣ እሱ ውሸት ነው። ሽማግሌዎቹ ይማምን ምን ትላለህ አሉት። ተነሣና እኔን አላየኝም፣ እነሱን ነው ያየው።

«የቀኙ ባሌስትራ ስንት ብረት እንዳለው ቆጥራችሁታል?» አለ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ትልቁ ወደ እኔ ዞሩና «ዘውዴ፣ አንተ ባለሙያ ነህ። የሚለው ነገር ምንድነው?» አሉኝ።

ባለሙያ ነህ አሉኝ። ስኖር የለፋሁት ለዚህች ቃል ነው። አጥር ላይ ያለው ሕዝብ እኔን ነው የሚያየው። ስምንት ነው፣ ዘጠነኛዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «ለማምታታት ነው» የሚል ሆነ።

ይማም ያኔ አየኝ። ማል አሉት። «ልጁ ያውቀዋል፤ እኔ ስለ ብረት ብዬ የአላህን ስም አልጠራም» ብሎ ተቀመጠ። አልምልም ማለቱን ጥፋተኛ ስለሆነ ነው አሉ። ከሽያጩ ሩቡን ለሸምሱ መታከሚያ እንዲመልስ ፈረዱበት፤ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ልምዱን ፈልጎ አማክረን የሚለው ሹፌር አልተገኘም። ስታዲየም አካባቢ አንድ መጋዘን ሲጠብቅ ያንኑ ካፖርት ለብሶ አየው ነበር፤ እኔ መንገድ እሻገራለሁ። ሞተ ሲባል ቀብሩ አልሄድኩም።

እኔስ? እኔማ ያችን ዘጠነኛ ብረት ከጋራዤ ጥግ አንሥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን መለስኳት። መኪናው ከዚያ በኋላ ዓመታት ደሴን ተመላለሰ፣ አንድ ቀን አላዘነበለም። ሰዉም «የይማምን ጠማማ መኪና ያቃና ዘውዴ» አለኝ። ደንበኛዬ እጥፍ ሆነ። ባለፎቅ ቤት የሠራሁት፣ ሊያን ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩት በዚያ ስም ነው። ሸምሱ እጁ ዳግም ሳይጨበጥ በግራው ምስማር እየመዘነ ኖሮ ሞተ። በተገናኘን ቁጥር «ተራራው ላይ ባታስደግፋት የለሁም፤ ነፍሴን ያተረፍከው አንተ ነህ» ይለኝ ነበር። አመሰግናለሁ እለዋለሁ። ኧረ እግዜር ይፍረድብኝ፣ አመሰግናለሁ እለው ነበር!

ለቢኒ ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ ነገርኩት። ሊያ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም፤ ፊቷን አዙራ የነጩን መኪና ጎማ ታይ ነበር። ቢኒ ስልኮቹን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ አዳመጠና «ፋዘር፣ በእናቴ ከባድ ነው። ግን በቃ ቃሉ ለምዷል። አሁን ማን ይሰማዎታል?» አለኝ። የነጩን መኪና ሻጭ ጥሩልኝ አልኩ፤ ጠጠር ተጭኖ፣ ከልጄ ጎን ተቀምጦ፣ እንጦጦን ወጥቶ ካልወረደ አንድ ብር አይከፈልም አልኩ። ሻጩ አጉረመረመ፣ ሊያም «አባባ፣ አሁን እንዲህ የሚያደርግ የለም እኮ» አለች። «ይኖራል!» ብዬ ጮህኩ። ሊያና ሻጩ ጠጠር አስጭነው ሄዱ። ሲመለሱ ሊያ ጉንጬን ሳመችኝ፣ መኪናውንም ገዛችው።

በማግስቱ ወሎ ሰፈር ሄድኩ። ካፌውና አዲሱ ሕንፃ መካከል የቀረች አንዲት አሮጌ ቤት አሳዩኝ። የይማም ልጅ ዘይነብ ናት፣ ጸጉሯ ሸብቷል፣ ጨርቅ ትሸጣለች። ስሜን ስነግራት ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ አቀረበችልኝ። ከዘጠነኛዋ ብረት ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። ትቆጣለች ብዬ፣ ወይም ታለቅሳለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ የጠረጴዛውን ልብስ በእጇ ታቃናለች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እኔ ያን ቀን አጥሩ ላይ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴን የከሰሱት ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ነው፣ ደጅ። አሁን እኔ ሳሎን ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ለእኔ ብቻ ሹክ ይሉኛል? እሱን እኮ እኔም አውቀዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እናውቀው ነበር። ያልሰማው ደጅ ነው።»

«ሰዎቹማ ሞተዋል፣ ዘይነብ» አልኳት።

«ወሬው አልሞተም አይደል? ይነሡ ይሂዱ፣ ደጅ ይንገሩ። ከነገሩ በኋላ ተመልሰው ይምጡ፣ ምሳ አበላዎታለሁ።»

ተናድጄ ወጣሁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ ራሴን ላዋርድ? ሳምንት ሙሉ ከሊያ ጋር፣ ከታክሲ ሹፌር ጋር፣ ከዳቦ ሻጭ ጋር ተጣላሁ። ከዚያ ወረቀት ፈለግሁ።

እንግዲህ ካዛንቺስም፣ ቂርቆስም፣ ወሎ ሰፈርም ስሙ፤ ደላሎችም ስሙ፤ የዚያ ሽማግሌ ልጆችና የልጅ ልጆችም ስሙ። ይማም የሸጠልኝ መኪና መላ የተበጀለት፣ የሚሠራ መኪና ነው። የቀኙ ባሌስትራ ዘጠኝ ብረት ነበረው፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ያሳቅሁበት እኔ ነኝ። እውነቱን እያወቅሁ ሽማግሌ ፊት ለማምታታት ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሸምሱን እጁን ያሳጣሁት እኔ ነኝ እንጂ ይማም አይደለም። ዘይነብ፣ ደጅ ነው ያልሽኝ፤ ወጥቻለሁ።